ለወልቂጤ ደጋፊ ልምምድ ለምን ከጨዋታ በላይ ሆነ?

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ከ2013 ወዲህ የወልቂጤ ልጅ ወልቂጤ ከተማን በገዛ ከተማው፣ በፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ስንት ጊዜ አየው? ዜሮ። ተሳስቼ አይደለም፣ ዜሮ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። "ሠራተኞቹ" በ2011 ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪምየር ሊጉ አደጉ። 2012 የመጀመሪያ ዓመታቸው ነበር፣ ግን ኮቪድ መጣና ውድድሩ ሳያልቅ ተሰረዘ። ከዚያ ሊጉ ለዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን መብት ሸጦ ታኅሣሥ 2013 ላይ በአዲስ መልክ ጀመረ። ጨዋታው በሙሉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ብቻ። ከዚያ በኋላ አዳማም ገባች፣ ከተሞቹ በየዓመቱ ተቀያየሩ፣ አሠራሩ ግን አልተቀየረም። ክለቦቹ ሻንጣቸውን ይዘው ከሆቴል ሆቴል ይዞራሉ።

ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው። ካሜራው አንድ ቦታ ይተከላል፣ ወጪው ይቀንሳል። ለእኛስ? ጅማ ሲሆን እንኳ መንገዱ አንድ ነው፣ ሚኒባስ ይዞ መሄድ ይቻላል። ድሬዳዋ ሲሆን ግን ከወልቂጤ ተነስቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ ለ90 ደቂቃ ብሎ የሚሄድ አለ፣ አክብሮቴ ከእሱ ጋር ነው። አብዛኛው ወጣት ግን የራሱን ከተማ ክለብ የሚያውቀው እንደ አርሰናል ነው፣ በስክሪን።

ስለዚህ ደጋፊው ቡድኑን በአካል የሚያገኝበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረለት፣ ልምምድ ሜዳ።

ልምምድ ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። ጨዋታ ላይ ቁጥርና ማሊያ ነው የምታየው። ልምምድ ላይ ግን ሰውየውን ታየዋለህ። ማን ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ማን ሩጫ ሲባል ፊቱ እንደሚጠቁር፣ ክብ ሠርተው ኳስ ሲነፋፈጉ ማን እንደሚያስቅ፣ የትኛው ግብ ጠባቂ ብቻውን ጥግ ላይ ጭቃ ውስጥ እንደሚወድቅ። ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ሮጦ የሚያመጣው ሕፃን ያን ቀን ከአጥቂው ጋር እንደተጫወተ ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ነፃ ነው፣ ትኬት የለም፣ ፓኬጅ የለም።

ይሄ የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 ኅዳር ላይ ቦካ ጁኒየርስ ከሪቨር ፕሌት ጋር ለሚያደርገው የሊበርታዶሬስ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ሲዘጋጅ ልምምዱን በቦምቦኔራ ለሕዝብ ከፈተ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞላው። ለልምምድ! ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በአርጀንቲና የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ስታዲየም መግባት ተከልክሎ ስለነበር የቦካ ሰው ወደ ሪቨር ሜዳ መሄድ አይችልም። ጨዋታው የተነፈገው ሕዝብ ልምምድ ላይ ጮኾ ተጫዋቾቹን ሸኘ። የወልቂጤ ደጋፊ ከዚህ ምን ይለየዋል? ቦካ አንድ ጨዋታ ነው የተነፈገው፣ እኛ ዓመታት።

አርሰናልም ሊግ ከመጀመሩ በፊት ኤምሬትስን ከፍቶ ለአባሎቹ ልምምድ ያሳያል። እነሱ ጋ ግን ደጋፊው በሳምንቱ ስታዲየም ይገባል፣ ልምምዱ ምርቃት ነው። እኛ ጋ ዋናው ምግብ ሆኗል።

አሁን ወደ መራራው እንምጣ። ባለፉት ዓመታት ስለ ወልቂጤ ከተማ ልምምድ የሰማነው ትልቁ ዜና "ልምምድ ቆመ" የሚለው ነው። ተጫዋቾች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆሙበት ወሬ አንዴ ሁለቴ አይደለም የተሰማው። ከገንዘብ ችግር ጋር ሲንገላታ የከረመው ክለብ በ2017 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊጉ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ሁለቱን ነገሮች አገናኛለሁ። ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚኖሩት ከመንግሥትና ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል። ሰው የሚጮኸው ደግሞ ለሚያየው ነገር ነው። ልምምድ በየሳምንቱ ዓይኑ ሥር ቢሆን፣ አንድ ማክሰኞ ተጫዋቾቹ ሲቀሩ ደጋፊው ዜና አይጠብቅም፣ "የት ሄዱ?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ሆቴል ውስጥ የሚኖር ቡድን ደመወዙ ስንት ወር እንደተወዘፈ የሚያውቀው ሒሳብ ክፍሉና ተጫዋቹ ብቻ ነው።

በእርግጥ ክፍት ልምምድ ደመወዝ አይከፍልም። ይህን ያጣሁት አይምሰላችሁ። ግን ማሊያ ይሸጣል፣ አባል ይመዘግባል።

ጉራጌ ደግሞ ትልቅ ዕድል አለው፣ መስቀል። መርካቶ ያለው፣ አዋሳ ያለው፣ ውጭ አገር ያለው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ያ ወቅት ክለቦች የቅድመ ውድድር ዝግጅት ከሚያደርጉበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። አስቡት፣ ክትፎው ተበልቶ፣ ከሰዓት ሰው ሁሉ ሜዳ ሄዶ የአዲሱን ዓመት ቡድን ሲያይ። ለማኅበር፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ማዋጣት የለመደ ሕዝብ ነው። አንድ ጠረጴዛና አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በር ላይ ቢቀመጥ የሚያልፍ አለ? ለምን በየዓመቱ እንደማይደረግ አይገባኝም።

የአሠልጣኞች ተቃውሞ አለ፣ ትክክልም ነው። ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟል። የማዕዘን ምት ቅንብር በምሳ ሰዓት ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ማታ ተጋጣሚው ያየዋል። ስድብም አለ። አንድ ኳስ የሳተ ልጅን በቤተሰቡ የሚሰድብ ሰው አጥር ላይ ከተንጠለጠለ ማን ይሠራል? መፍትሔው ግን ሁሉንም መዝጋት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት፣ ማሟሟቂያውና ግማሽ ሜዳ ጨዋታው ይታይ፣ ቅንብሩ በሌላ ቀን ይሠራ። ደጋፊውም ስልኩን ኪሱ ይክተት፣ ለ40 ደቂቃ አይሞትም።

ቡታጅራንም አንርሳ። ዞኑ ለሁለት ተከፍሎ እነሱ ምሥራቅ ጉራጌ ቢሆኑም የኳሱ ችግር አልተከፈለም። ቡታጅራ ከተማ የተጫወተበት ከፍተኛ ሊግም በተመረጡ ከተሞች የሚካሄድ ሆኗል፣ ያውም አብዛኛው ጨዋታ ቴሌቪዥን ላይ የለም። ማለትም የቡታጅራ ልጅ ስክሪኑም የለውም። እሱ ክለቡን ካየ ያየው ሲለማመድ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ካፍ ስታዲየሞቻችንን ስላገደ "የሜዳውን" ጨዋታ ሰው አገር ነበር የሚያደርገው። ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር። ያን ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ።

ስታዲየም እስኪሠራ ዓመታት ይፈልጋል፣ ቢሊዮን ብርም ይፈልጋል። የልምምድ ሜዳ በር ለመክፈት የሚያስፈልገው የአንድ ሥራ አስኪያጅ ውሳኔና የሁለት አስተባባሪዎች ከሰዓት ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም የክለብ አመራር ላይ ያላችሁ፣ የቀጣዩ ዝግጅት ፕሮግራም ሲወጣ ክፍት የሆነውን ቀን አብራችሁ ለጥፉት። እናንተስ ቡድናችሁን በአካል ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ዓመቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።