ለሁሉም «አደጋ»

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ተንቀጠቀጠች። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ በሌሊት ልብስ የተገናኘን ጎረቤታሞች የተጠያየቅነው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሆነ?»። ስልክ ከፈትን። በሬክተር ስኬል አምስት ነጥብ ምናምን ይላል። እንፍራ ወይስ እንተኛ? የነገረን የለም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ጂኦግራፊ ተምረናል። ማግኒቲውድ፣ ኢፒሴንተር፣ ፕሌት ቴክቶኒክስ እያልን በእንግሊዝኛ ሸምድደን፣ ፈተናው ላይ አጥቁረን ወጥተናል። ቃላቱም እዚያው ቀሩ። ጋዜጠኝነት የተመረቅነውም ብንሆን ያን ሰሞን ቁጥሩን ተቀባብለን ለሕዝብ ከማድረስ ያለፈ አልሠራንም።

ቁጥሩ የሚናገረው ከመሬት ውስጥ ስለወጣው ጉልበት ነው። ከ5 ወደ 6 ሲዘል ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። እኛ ቤት የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ጥልቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ሕንጻው ይለያያል። የዚያን ሌሊቱ ምንጭ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ፣ ቅልጥ አለት ከመሬት ሥር ስንጥቅ እየከፈተ ሲገባ የተነሣ ነው። እኛ ደንግጠን ተመለስን፤ እዚያ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ቁጥሩ አንድ፣ ሌሊቱ ግን ሁለት ዓይነት ነበር።

ከሁሉም የከፋችው ግን «አደጋ» የምትለዋ ቃል ናት። መንቀጥቀጡም አደጋ፣ ሊመጣ የሚችለውም አደጋ፣ የደረሰው ጉዳትም አደጋ! ፊቷ ላይ «የተፈጥሮ» ስንጨምርባት ደግሞ ጨርሰን ተገላገልን፤ ጥፋተኛዋ ተፈጥሮ ናት፣ ማን ይጠየቃል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን የሆነውን እናስታውስ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ እሱኑ ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዝናቡና ቁልቁለቱ የተፈጥሮ ናቸው። የተናደ ቁልቁለት ዳግም ሊናድ እንደሚችል ቀድሞ አለመነገሩስ የማን ነው? «ተጋላጭነት» የምትባል ቃል አለችን፤ የምትኖረው ግን በስብሰባ አዳራሽና በሪፖርት ውስጥ ነው። ቁልቁለት ሥር ለሚኖር ገበሬ ማን አደረሳት?

የአየር ንብረት ለውጥም እንዲሁ ሆኗል። አንድ ቀን ሲሞቅም እሱ፣ መንገድ በጎርፍ ሲሞላም እሱ። የዛሬው ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው፤ የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት ግድም ልማድ ነው። ለውጡ እውነት ነው፤ ከባድ ዝናብንም ያበረታል። ነገር ግን በቆሻሻ የተደፈነ ቱቦ የአየር ንብረት አይደለም፤ የሚጠርገው ሰው አጥቶ ነው።

«ሰው እያለቀ እናንተ ቃል ትለቅማላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ እንለቅማለን። ያን ሰሞን ቃሉ የጠፋበትን ቦታ የሞላው የፌስቡክ ነቢይ ነው፤ «ከሁለት ሰዓት በኋላ ትልቁ ይመጣል» እያለ ስንቱን ደጅ አሳደረው! የመሬት መንቀጥቀጥን በቀንና በሰዓት ለይቶ መተንበይ የሚችል ማንም የለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ የሰማ ሰው ቢያንስ ቤቱ ያድር ነበር።

የምንኖረው ምድር በሚሰነጠቅበት አገር ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ላይ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በቀናት ውስጥ ተከፍቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። ገና ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ዜና የምንጽፍ ልጆች ቁጥሩን ስንጽፍ ከየት፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ማንን ያሰጋል፣ ምን ይደረግ የሚሉትን አብረን እንጻፍ። እናንተም ካልጻፍን ጠይቁን። መሬቱን ማስቆም አንችልም፤ ደረጃው ላይ የምንጠያየቀውን ግን መለወጥ እንችላለን።

ቸር እንሰንብት!