ሻንጣውን ማን ነበር የሚጭነው?

«ሻንጣውን ማን ነበር የሚጭነው?» አለች ጠበቃዋ።

አጎቴ ዞር ብሎ አየኝ። የማስተረጉመው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው የኔ መስሎታል። «እኔ ነኛ! ማን ሊጭንልኝ ኖሯል?» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደለስ ኤርፖርት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ምን እንደሚመዝን እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። አየር መንገዱ 23 ኪሎ ይፈቅዳል፤ የኛ ሰው ደግሞ 23ቱን እስከ መጨረሻዋ ግራም ይሞላል፤ ያውም ሁለት ሻንጣ። ጠበቃዋ «50 ፓውንድ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

የአጎቴ የዲሴብሊቲ፣ ማለትም መሥራት ለማይችል ሰው የሚከፈለው ገንዘብ፣ ጉዳይ በዚያች መስመር ላይ እንደሚንጠለጠል ያን ዕለት አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የሞላለት አንድ የምናውቀው ሰው ነው። ታክስ ይሠራል፣ የዲቪ ሎተሪ ይሞላል፣ ቅን ሰው ነው። የቀድሞ ሥራ በሚለው ቦታ «የታክሲ ሹፌር፣ ቁጭ ብሎ መንዳት» ብሎ ጻፈለት። ውሸት የለበትም። ችግሩ ገንዘቡን የሚወስነው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ሰው ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ይችላል ወይ?» የሚል መሆኑ ነው። ቁጭ ብሎ መንዳት ብቻ ከሆነ፣ የጀርባ ዲስኩ የተንሸራተተ፣ ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰውም ይችላል ሊባል ነው። ተባለም። ሻንጣ እያነሳ የኖረ ሰው መሆኑ ሲታወቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ20 ፓውንድ በላይ ማንሳት እንደማይችል ሐኪሙ ከመሰከረለት ወደዚያ ሥራ አይመለስም። 55 ዓመት ካለፈው፣ ወደ ሌላ ቀላል ሥራ ይዞት የሚሄድ ሙያም ከሌለው፣ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሠንጠረዥ «መሥራት የማይችል» ይለዋል። አጎቴ 56 ዓመቱ ነበር።

ሰው ጠበቃ ሲባል ዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን የሕመምን ታሪክ ወደ ሥራ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ነው። ሐኪም ስለ ዲስክ ይጽፋል፤ ውሳኔ ሰጪው የሚፈልገው ስንት ፓውንድ፣ ስንት ደቂቃ መቆም፣ በወር ስንት ቀን መቅረት የሚለውን ነው። ያን መልስ ከሐኪሙ ጠይቆ በጽሑፍ የሚያስመጣ ሰው ካልተገኘ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

አጎቴን ጠበቃ ዘንድ ለመውሰድ ግን ቀላል አልነበረም። አንደኛ ነገር ያፍራል። «በስተርጅና መንግሥት ልለምን?» ይላል። ባለቤቱ አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «ስማ እንጂ፣ ሃያ ዓመት ዕድር ከፍለህ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑን አልፈልግም ትላለህ?» እውነቷን ነው። አጎቴ ያመለከተበት ኤስኤስዲአይ ምጽዋት አይደለም፤ በ1956 የተጀመረ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም መድን ነው። ባለ ታክሲ ደግሞ ለራሱ ስለሚሠራ የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ ነው የሚከፍለው። ድሃ የሆነ ሰው፣ በቂ የሥራ ዘመን ባይኖረውም፣ የሚጠይቀው ኤስኤስአይ ሌላ ነው፤ ሁለቱን የማያምታታ ሰው እዚህ ብዙ አላገኘሁም።

እግረ መንገዴን ለባለ ታክሲና ለባለ ኡበር ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ለዚህ መድን የሚያበቃው ክሬዲት የሚቆጠረው ከተጣራ ገቢ ላይ ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ነበር፤ በዓመት ከአራት አይበልጥም፤ አብዛኛው ጎልማሳ ሕመሙ ከመጣበት ጊዜ ወደ ኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ 20 ክሬዲት ሊኖረው ይገባል። ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ስልኩን፣ ያልነዳውን ማይል ጭምር አቀናንሶ ገቢውን ወደ ምንም ያወረደ ሰው ታክስ ሲቀንስለት ይደሰታል፤ መድኑ እየከሰመ መሆኑን የሚያውቀው ወገቡ ሲሰበር ነው። የአጎቴ መድን ሊያበቃ የቀረው ጥቂት ወር ነበር።

ሁለተኛው ጭንቀቱ ገንዘብ ነበር። ጠበቃዋ ከኪሱ እንደማትቀበል፣ ከረታ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከሚከፈለው ውዝፍ ላይ 25 በመቶ እንደምታገኝ ስነግረው «እንግዲህ ደላላ ናት በላ» አለ። ደላላ ግን ጣሪያ የለውም። እዚህ ጣሪያ አለ፤ በኅዳር 2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ሆኖ ነበር። ገንዘቡንም አብዛኛውን ጊዜ ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ቀንሶ ይልክላታል። ካልረታች የድካም ዋጋ የላትም፤ የሕክምና ማስረጃ ማስወጫን የመሰለ ወጪ ግን ልትጠይቅ ስለምትችል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። «ፋይልህን አስጨርስልሃለሁ፣ አምስት መቶ ዶላር በእጄ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሡ።

ጠበቃዋ የዕለት ኑሮውን የሚጠይቀውን ቅጽ እንደገና እንድንሞላ ወደ ቤት ላከችን። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። «በየሳምንቱ ብለህ ጻፍ» አለኝ ኮራ ብሎ። ባለቤቱ ከምድጃው ሳትዞር «ምን ያህል ትቆያለህ? ለዚያም መልስ እንጂ!» አለችው። ዝም አለ። «መቋሚያህን ተደግፈህ ሩብ ሰዓት አትቆምም። ከዚያ መኪና ውስጥ ወንበሩን ዘርግተህ ተኝተህ ትጠብቀኛለህ። የሚጻፈው ይሄ ነው።» ጻፍነው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት አብሬው ሳስቀድስ መኪና ውስጥ እንደሚተኛ አላውቅም ነበር።

ይሄ የኛ ነገር ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሐኪሙም መዝገቡ ላይ «ታማሚው ደህና ነው» ብሎ ያሰፍራል። ያ ወረቀት ከዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ይነበባል።

ካፌ ውስጥ የሚናፈሰው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። «እንግሊዝኛ አልችልም በል» የሚሉት አሉ። ድሮ ይህ በአንዳንድ ጉዳዮች ላይ ይቆጠር ነበር፤ ከሚያዝያ 2020 ወዲህ ግን በመመዘኛነቱ ተሽሯል። አጎቴን የጎዳው ግን «አፒል ምን ያደርግልሃል፣ እንደገና አመልክት» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የውድቅ ደብዳቤ መሳቢያ ገባ፤ ከዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ አመለከተ፤ እንደገና ውድቅ ሆነ። ወደ ኋላ የሚከፈለው ደግሞ ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ካለው 12 ወር አያልፍም። ስለዚህ በመሳቢያው ምክንያት የወራት ገንዘብ ቀለጠ። ይግባኝ የሚጠየቀው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ለፖስታ መድረሻ አምስት ቀን ይታሰባል። ጠበቃ የሚፈለገውም እዚያ ላይ፣ የመጀመሪያው «አይሆንም» እጅ ሲገባ ነው። የችሎቱ ቀን ሲቃረብ የሚሮጥ ሰው ፋይሉ ከተበላሸ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የአጎቴ ይግባኝ በታየበት የችሎት ቀን አስተርጓሚ በስልክ ተመደበ፤ አጎቴ የሚከፍለው የለም። አጎቴ «ይጠዘጥዘኛል፣ ሌሊት ይቆረጥመኛል፣ ስነሣ ይወጋኛል» አለ። አስተርጓሚው ሦስቱንም «ያመዋል» አላቸው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጠበቃዋ አማርኛ አትሰማም፤ ግን የመልሱ ርዝመትና የትርጉሙ ማጠር አልተዋጠላትም። ሕመሙን ትታ ጊዜውን ጠየቀች፦ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይነሣሉ? ተነሥተው ምን ያደርጋሉ? ቁጥር በትርጉም አይጠፋም። ከዚያ ችሎቱ የጠራው የሥራ ባለሙያ ስለ ታክሲ ሥራ ሲጠየቅ ሻንጣው መጣ፤ 50 ፓውንዱ መጣ።

ውሳኔው በፖስታ ደረሰ፤ ተፈቀደለት። የጠበቃዋ ድርሻ ተቀንሶ የገባውን ሲያይ አጎቴ ትንሽ አጉረመረመ፤ «ደላላዋ» የሚለው ስምም እስካሁን ቤት ውስጥ አልቀረም።

ባለፈው ማክሰኞ ደወለልኝ። ፓርኪንግ የሚሠራ ጓደኛው ውድቅ ተደርጎበታል።

«ደብዳቤውን የት አድርጎታል?» አልኩት።

«መኪናው ኪስ ውስጥ ነው አለኝ።»

«ቀኑን ያንብብልህ እስቲ።»

ከጀርባው ሰው ሲያንኮሻኩሽ ሰማሁ። ሁለቱ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «አርባ ሦስት ቀን ሆኖታል» አለኝ። ቀጥሎም ለኔ ሳይሆን ለጓደኛው፦ «ተነሥ፤ መኪናህን አስነሣ። በመንገድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትነግረኛለህ፤ እዚያ ሥራ ስትሠራ ምን ምን ነበር የምታነሳው?»