የካካፔሏ አንዲት ፍሬ አተር

ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ የዓመቱ ጉዞ ወዴት ይሁን ሲባል እጄን አውጥቼ «ካካፔል» አልኩ። ቤቱ ዝም አለ። አንድ አባት ቀስ ብለው «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ያረረ አተር» ብዬ መለስኩ። ተሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጉዞውም እንደ ወትሮው ናይቫሻ ሆነ። ያን ዕለት በቅጡ ስላልመለስኩ እዚህ ልመልስ።

ካካፔል በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያ ካውንቲ፣ በኤልጎን ተራራ ግርጌ፣ ከኡጋንዳ ድንበር አጠገብ ያለ ትልቅ የዐለት ከለላ ነው። ግድግዳው ላይ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ክብ ክብ ሥዕሎች አሉ። ከ9000 ዓመት በፊት አዳኞችና ፍሬ ለቃሚዎች ይጠለሉበት ነበር፤ ከብት አርቢውና ገበሬው የመጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተመራማሪ ኢማኑኤል ንዲየማና አሜሪካዊቷ ናታሊ ሙለር ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ቦታ ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2024 አሳውቀዋል። ወርቅ አይደለም፣ ዘውድም አይደለም፤ የምድጃ አመድ ነው። አሠራሩን ልጆች ይወዱታል ብዬ አምናለሁ፤ አመዱና አፈሩ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ አፈሩ ይሰምጣል፣ የከሰለው ዘር ይንሳፈፋል። እናቶች ምስር ሲያጥቡ ገለባው ከላይ እንደሚቀረው ማለት ነው። ያላረረው እህል በስብሶ ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ የቆየው ከእጅ አምልጦ እሳት ውስጥ የወደቀው ነው። እንግዲህ ስለዚያ ዘመን እርሻ የምናውቀው አንዲት ምግብ አብሳይ ስላልተጠነቀቀች ነው ማለት ይቻላል!

ከአመዱ የወጣው ኩንዴ 2300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በምሥራቅ አፍሪካ ዕድሜው በቀጥታ ከተለካ የእርሻ ሰብል ይህን ያህል የቆየ እስከዚያ አልተገኘም ነበር። ኩንዴ መጀመሪያ የተለመደው በምዕራብ አፍሪካ ነው። ቢያንስ ከ1000 ዓመት ወዲህ ደግሞ ዳጉሳና ማሽላ ይታያሉ፤ ማሽላው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሱዳን አቅጣጫ የመጣ ነው። ከሁሉ መካከል ሙሉ ቅርጿን የጠበቀች አንዲት አተር ተገኘች።

ስለ አተሯ ሁለት ሐሳብ አለ። ወይ ከመካከለኛው ምሥራቅ በግብፅ በኩል ዓባይን ተከትላ የወረደችው የተለመደችዋ አተር ናት፣ ወይም በኢትዮጵያ ለብቻዋ የተለመደችው፣ ዛሬም በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የምትዘራው ደቆቆ ናት። ተመራማሪዎቹ የትኛዋ እንደሆነች አልቆረጡም። ይህን ሳወራ አንዳንድ ወዳጆቼ ወዲያው «በቃ፣ የእኛ ናት!» ይላሉ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ለልጆቻችን ማስተማር የምፈልገው «አልታወቀም» ማለትን ጭምር ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

በክፍሌ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ዓድዋ አስተምራለሁ፤ ወደፊትም አስተምራለሁ። ነገር ግን ታሪክ በንጉሥ ብቻ ሲጀምር ናይሮቢ የተወለደ ልጅ አገሩ ሩቅና ከፍ ያለ፣ የሚኖርበት ምድር ደግሞ ታሪክ የሌለው መቆያ ይመስለዋል። ባለፈው ቅዳሜ ዳጉሳ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማንም አላወቀም። «ዊምቢ» ስላቸው ግን ክፍሉ በእጅ ተሞላ፤ ጠዋት ጠዋት ኡጂ ሆኖ ይጠጡታል። የጎጃም አያቶቻቸው ጠላ የሚጠምቁበትና እንጀራ የሚጋግሩበት እህል መሆኑን ስነግራቸው አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የእኛም ደጋ እንዲህ ያለ አመድ አለው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ካሉ ዋሻዎች 2500 ዓመት ገደማ የሆነው ገብስና ሽምብራ ወጥቷል። ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ማስተማር አንድ የትምህርት ሰዓት ይበቃዋል፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ ስለማያስፈልግ እኔ ጀምሬዋለሁ።

ጉዞውን በተመለከተ የወላጆች ሥጋት ይገባኛል። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ማደር ይጠይቃል፣ ብርም ይፈልጋል። ትንንሾቹን ይዘን እንሂድ አላልኩም። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ይሂዱ፤ ያም ካልሆነ ሙዚየም ሂል ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ አንድ ባለሙያ መጥቶ እንዲያስረዳን በደብዳቤ እንጠይቅ። ደብዳቤውን ልጆቹ ራሳቸው ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

በሚመጣው ስብሰባ እጄን እንደገና አወጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ጆግ የዳጉሳ ኡጂ ይዤ ነው የምመጣው። እስከዚያው ልጆቻችሁ ሽሮ ፊት ተቀምጠው «ይህ አተር በየት በኩል መጣ?» ብለው ምሳውን ቢያስቀዘቅዙት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።