ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ነበር። እኛ በዶርሚተሪ የምንኖር ተማሪዎች ግን ውሃን የምናውቀው ከጥሩ ሳይሆን ከፈረቃው ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር የሰማ ሁሉ ከአልጋው ዘሎ ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል፤ የቀደመ ይቀዳል፤ የዘገየ በማግሥቱ ፊቱን ሳይታጠብ ፈተና ይገባል። ውሃ ከጠፋ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤቱ ምን እንደሚመስል ለአንባብያን መግለጥ አያስፈልገንም። ታዲያ ስለዚሁ ጉዳይ ተሰብስበን ስንነጋገር የምንጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ውሃው መቼ ይመጣል?» እንላለን። «ከመጣና ካገለገለ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን ነው።

እርግጥ ነው፣ እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን «ስለ ቱቦ እናንተን ማን ጠየቃችሁ?» ቢሉን አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ቱቦ መዘርጋት የባለሙያ ሥራ ቢሆንም፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚወለደው ልጅ ማሰብ የሁላችንም ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ አስቀድሞ አለማሰብ ምን እንደሚያስከትል ታውቀዋለች። ከተማዋ ገና በልጅነቷ በዙሪያዋ የነበረውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ፣ በ1890ዎቹ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ በቶሎ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምንማርበት ከተማ ምናልባት ሌላ በሆነ ነበር። እንጨት በችግኝ ይተካል። ውሃ ግን እንደ ባሕር ዛፍ አይተከልም።

የውሃው ታሪክ ጥም በመጣ ቁጥር የመሮጥ ታሪክ ነው። መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ገፈርሳ ተገደበ። ሕዝቡ ሲበዛ፣ ያ አልበቃ ስላለ፣ በ1960ዎቹ መግቢያ በምሥራቅ ለገዳዲ ተጨመረ፤ ከዚያም ድሬ። እሱም ሲያንስ በደቡብ ወደ አቃቂ ወርደን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርን። እያንዳንዱ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የተደረገው ጀሪካኑ ከተሰለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የአገሩን አቀማመጥ እንዲያስተውል እንለምናለን። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከእንጦጦ ጀምራ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ናት። ቀበና ቢሉ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ቢሉ፣ ወንዞቿ ሁሉ የሚያዘነብሉት ወደ ደቡብ ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር ካልተያያዘው ቤት የሚፈስሰውም እነሱን ተከትሎ ወደዚያው ይወርዳል። እንግዲህ የቧንቧችንን ውሃ በከፊል የምንቀዳው ፍሳሻችን በሚወርድበት በኩል ነው ማለት ነው! ቆሻሻው በነፃ፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ውሃው ግን በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ምድርም ታጣራለች፤ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ የአቃቂ ከርሠ ምድር ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ ደግሞ ንጹሑን አሳልፎ ቆሻሻውን አያስቀርም። ወንዙም ቢሆን አባ ሳሙኤል ደርሶ ሐይቁን በደለልና በእምቦጭ ከሞላ በኋላ ወደ አዋሽ ይቀጥላል። በመንገዱ የሚጠጣው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር ማለት ይህ ነው።

የቃሊቲ ማጣሪያ በቅርብ ዓመታት ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ መደረጉ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ ቱቦ ያደረሰለትን ብቻ ያጣራል። አያሌ ሰፈሮች የጉድጓድ ሽንት ቤት ይዘው መጣጭ መኪና የሚጠብቁ ናቸው፤ መኪናው ሲዘገይ ክረምት ይቀድመዋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችን ሲገባ ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

«ድኻ አገር ነን፤ መጀመሪያ የሚጠጣ ውሃ እናግኝ፤ ስለ ፍሳሹ በኋላ ይታሰባል» የሚሉ አሉ። ቅን አስተያየት ነው፤ ዳሩ ግን ስሌቱ ተገልብጧል። ለአንድ ሰፈር ውሃ ማስገባት ማለት በዚያው ቀን ፍሳሽ ማስገባት ነው፤ የገባው መውጣቱ አይቀርምና። ቱቦ ከአስፋልቱ በፊት ቢቀበር የአንድ ቁፋሮ ዋጋ ነው፤ አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ግን መንገዱን ማፍረስና መልሶ መሥራት ይጨመርበታል። ድኻ ነኝ የሚል ሰው አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ አይከፍልም። የሎንዶን ሰዎች እንኳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማቸውን ካስጨነቀ በኋላ ነው የነቁት። ሲነቁ ግን መሐንዲሱ ባዛልጌት የሠራው ለጊዜው ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ለሚመጣውም ነበርና፣ ቱቦው እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ለመጪው ለማሰብ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ መዘገበ፤ የ2011ዱ ቆጠራ ሳይካሄድ ተላለፈ። ያልተቆጠረ ሕዝብ ስንት ሊትር እንደሚጠጣ በምን ይታወቃል? ደግሞም ግድቦቹ ያሉት ከከተማው ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ነው፤ ፍሳሻችን የሚደርሰውም ወደዚያው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም ያነሣው በከንቱ አይደለም። ወንዝ የአስተዳደር ወሰን አያውቅምና፣ ከላይ ያለውን ገበሬና ከታች ያለውን ገበሬ ያላስቀመጠ ፕላን ጎረቤትን እያስቀየመ ውሃ የሚለምን ፕላን ይሆናል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የውሃና የፍሳሽ ፕላን በአንድ መዝገብ፣ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ይጻፍ፤ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ቱቦው ይቅደም፤ ከተማውና ጎረቤቶቹ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የወንዝ ዳር ማስዋብም ደግ ነው፤ ነገር ግን አበባው ያማረ ውሃው የገማ እንዳይሆን ይታሰብበት።

ከራሳችንም እንጀምር። በጀሪካን የሚገዛው ድኻ ቤቱ ቧንቧ ካለው ሰው ይልቅ ለአንድ ሊትር የበለጠ ይከፍላል። ቧንቧ ያለን ሰዎች ለፍሳሹም ተገቢውን እንክፈል ሲባል ለማጉረምረም የመጀመሪያዎቹ እንዳንሆን። ነገ ከዚህ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ፣ የአዲስ ሰፈር ካርታ ፊታችን ሲዘረጋ፣ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት «ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል?» ብለን እንጠይቅ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኛ ጀሪካናችንን ሞልተን ስንስቅ፣ ከታች በአቃቂ ያለው ወገናችን የኛን ፍሳሽ እየቀዳ ነውና።