የጸጉር ቀለም ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም

አይጥ ለአገራችን ገበሬ የጎተራ ጠላት ናት። ስለዚህ ለእርባታ ባለሙያዎችና ለአርቢዎች በሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ ስለ አይጥ ጸጉር ቀለም ስናነሳ «ሌላ ሥራ ጠፋ ወይ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና በጉን በቀለም መርጦ የሚያረባ ሰው ሊያውቀው ከሚገባው ነገር ብዙው የተገኘው ከአይጥ ነው፤ ያውም ሰዎች ለጌጥና ለጨዋታ ብለው በቤታቸው ከሚያረቧት አይጥ።

ባለ ልዩ ልዩ ቀለም አይጥ እንዴት እንደሚረባ የሚያስተምር መጽሐፍ በጃፓን በ1787 ታትሟል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝ አገርም የአይጥ አርቢዎች በ1895 ማኅበር አቋቁመዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉሲየን ኩዌኖ የሜንዴል የውርስ ሕግ በአጥቢ እንስሳት ላይም እንደሚሠራ በ1902 ያሳየው በዚችው አይጥ ነው። ንጹሕ ዘር ያላት ዳለቻ አይጥ ከነጭ ጋር ስትዳቀል ልጆቹ ሁሉ ዳለቻ ይሆናሉ፤ ነጩ ጨርሶ የጠፋ ይመስላል። እነዚህ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ግን በአማካይ ከአራቱ አንዱ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ዳለቻው ገዢ፣ ነጩ ድብቅ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የብጫዋ አይጥ ነገር ነው። ብጫን ከብጫ ጋር ደጋግሞ ያዳቀለ ሰው ሁልጊዜ ብጫ ብቻ የምትወልድ እናት አያገኝም። ኩዌኖ ይህንን በ1905 አስተዋለ፤ ምክንያቱን ግን አሜሪካውያኑ ካስልና ሊትል በ1910 ገለጡት። ከእናትም ከአባትም ብጫውን የወረሰው ጽንስ በማኅፀን ይሞታል። በሕይወት ከሚወለዱት መካከል ሁለት ብጫ ለአንድ ሌላ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ወርሳ የተረፈችውም ብጫ አይጥ ከመጠን በላይ ትወፍራለች። አርቢው ቀለም መረጠ፤ እንስሳዋ ግን ከቀለሙ ጋር ሞትንና ውፍረትን ተቀበለች።

በትልቁ አይጥ ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። አብዛኛው ጸጉራቸው ነጭ እንዲሆን ተመርጠው ከረቡት ወገኖች አንዳንዶቹ አንጀታቸው መንቀሳቀስ ተስኖት፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳትና የአንጀትን ነርቭ የሚሠሩት ሕዋሳት በጽንሱ ውስጥ ከአንድ ሥፍራ ተነስተው የሚጓዙ በመሆናቸው፣ የአንዱ ጉዞ ሲሰናከል የሌላውም ሊሰናከል ይችላል።

ነገሩ በአይጥ ብቻ አይቀርም። ለግልገሉ ቆዳ ተብሎ በመካከለኛው እስያ በሚረባው የካራኩል በግ ዘንድ ዳለቻን ከዳለቻ ያዳቀለ አርቢ ከግልገሎቹ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከሁለቱም ወገን ዳለቻውን የወረሱት ግልገሎች ሲወለዱ ደህና ይመስላሉ፤ ሣር መብላት ሲጀምሩ ግን ሆዳቸው አልሠራ ብሎ ይሞታሉ። መድኃኒቱ ዳለቻውን ከጥቁር ማዳቀል ነው። ግማሹ ዳለቻ፣ ግማሹ ጥቁር ይወለዳል፤ በዚህ ሰበብ የሚሞት አይኖርም።

ወደ እኛ ደጋ ስንመለስ፣ በብዙ ገበያ ጥቁር በግ ከቀዩና ከነጩ ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ይህንን የገበሬ ምርጫ «ከንቱ ልማድ» እያሉ የሚያጣጥሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛ አንስማማም። ገዢው በቀለም እየለየ ከከፈለ ቀለም ገንዘብ ነው። የምንቃወመው ቀለም የመጀመሪያው ወንፊት መሆኑን ነው። ቶሎ ያደገው ጥቁር ጠቦት ገና በልጅነቱ ለገበያ ወጥቶ፣ ቀጫጫው ቀይ ለአውራነት ሲቀር መንጋው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያ እድገትና የእናቱ ወተት ይታይ፤ ቀለሙ እኩል በሆኑት መካከል ይለይ።

ጥቁር ግልገል ወለደች ተብላ የምትሸጠው ነጭ በግ ጉዳይም አለ። በብዙ የበግ ዘሮች ነጩ ገዢ፣ ጥቁሩ ድብቅ ነው። ከሁለት ነጭ ወላጆች ጥቁር ከተወለደ ድብቁ ከሁለቱም መጥቷል። እናቲቱን ሸጦ አውራውን ማቆየት ከሁለት ጥፋተኞች አንዱን አስሮ ሌላውን መፍታት ነው፤ ያውም ብዙ የሚያስወልደውን።

ነጭ አውራ ድብቅ ጥቁር እንዳለበት ለማወቅ ከጥቁር እናቶች ጋር ማዳቀል ነው። አንድ ጥቁር ግልገል ከተወለደ ነገሩ ታወቀ። ሰባት ግልገሎች ተወልደው ሁሉም ነጭ ከሆኑ ግን ድብቅ ኖሮበት እንዲህ የመሆኑ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም። ጥቁሩ ገዢ የሆነባቸው ዘሮችም ስላሉ በአንድ መንጋ ጥቁር ግልገል ሁሉ ጥቁር ወላጅ ያለው ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራም። ስለዚህ የግልገሉ ቀለም ከእናቱና ከአባቱ ቀለም ጋር በደብተር ይመዝገብ። ድብቅ የተገኘበት አውራ በሰውነቱ ከጓደኞቹ የሚበልጥ ከሆነ ግን እኛ ይቆይ የምንል ወገን ነን፤ ጥቂቶቹ ጥቁር ግልገሎች ለቤት እርድ ይሆናሉ።