ግምቱን ንገሩን!

ዛሬ ስለ ጨረታ ልናወራችሁ ነው፡፡ «ጨረታ የነጋዴና የኮንትራክተር ጉዳይ ነው» ብላችሁ ልታልፉን ስትሉ ይታየናል፡፡ ቆይ፣ አትቸኩሉ... እኛም ባጃጇ እስክትመጣ ድረስ እንደዚያው ነበር የምንለው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እዚህ አርባ ምንጭ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) አንዲት አሮጌ ባጃጅ በጨረታ ሊሸጥ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ፡፡ እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን፡፡ ዲግሪ አለን፣ ሥራ ግን... እሱን ተዉት፡፡ ከመካከላችን አንዱ መንጃ ፈቃድ ነበረው፡፡ ዕቁብ ሰብስበን፣ ከእናቶቻችን ተበድረን፣ ሰነድ ገዝተን፣ ሲፒኦ አሠርተን፣ 186 ሺህ ብር ጻፍንና ፖስታውን አሸግን፡፡ ፖስታ ሲከፈት አንደኛ ወጣን! እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ከግምቱ በታች ስለሆነ ተሰርዟል» አሉ፡፡

«ግምቱ ስንት ነው ጋሼ?»

«እሱ ሚስጥር ነው፡፡»

በሁለተኛው ዙር 10 ሺህ ጨመርን፡፡ አሁንም ከግምቱ በታች፡፡ በሦስተኛው ዙር አቅም አልነበረንም፤ የተበደርነውን መመለስ ነበረብን፡፡ ባጃጇ ግን አምስት ወር ሙሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትመታት፣ ጎማዋ ሲተነፍስ፣ ወፍ ሲያበላሻት ከርማ በ171 ሺህ ተሸጠች፡፡ አዎ፣ መጀመሪያ እኛ ከጻፍነው በታች! ግምቱም ከጎማው ጋር አብሮ ተንፍሶ መሆን አለበት፡፡

መነሻ ዋጋ መኖሩን አንቃወምም፡፡ ሻጭ «ከዚህ በታች ከምሸጥ ዕቃዬ ይቅርብኝ» የማለት መብት አለው፤ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ደግሞ ግዴታው ነው፡፡ የምንቃወመው መደበቁን ነው፡፡ ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት በ1990ው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት በሐራጅ ሲሸጡ ጋዜጣ ላይ ምን እንደሚያትሙ አይታችኋል? የቤቱን ስፋት፣ ቦታውን፣ ቀኑንና «የሐራጅ መነሻ ዋጋ» የሚል ዓምድ፡፡ ቁልጭ ያለ ቁጥር! የ2004ቱ የሊዝ አዋጅም ለመሬት የሊዝ መነሻ ዋጋ እንዲወጣና ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስ ደንግጎ ነበር፡፡ ለቤትና ለመሬት የሚነገር ቁጥር ለአንዲት ባጃጅ የመንግሥት ሚስጥር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ትልልቆቹም በዚሁ ይሰናከላሉ፡፡ በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ሁለት የቴሌኮም ፈቃዶችን ለጨረታ አቀረበ፤ ዋጋ ያቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፡፡ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር፡፡ የመጀመሪያው ፈቃድ ተሰጠው፣ የሁለተኛው ዋጋ አነሰ ተብሎ ተመለሰ፡፡ «ከዚህ በታች አልሰጥም» የሚል ቁጥር በሻጩ ልብ ውስጥ ነበር ማለት ነው፡፡ ሁለተኛውን ፈቃድ እንደገና ለመሸጥ የወጣው ጨረታም ቆመ፡፡ 600 ሚሊዮኑን መመለስ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው (እኛ አምስታችን በዚህ ጉዳይ ተጣልተናል)፤ ግን ልብ ውስጥ ያለ ቁጥር ኤምቲኤንን የሚያክል ድርጅት ካሳሳተ እኛን ምን ያድርገን?

«መነሻውን ካወቁ ተጫራቾች ተመሳጥረው እሱኑ ጽፈው ይመጣሉ» ይሉናል፡፡ ክርክሩ ፍሬ ቢስ አይደለም፡፡ ግቢው በር ላይ ቆሞ «አንተ ውጣልኝ፣ የሻይ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን፡፡ ግን ሚስጥር ሚስጥር የሚሆነው ማንም ሳያውቀው ሲቀር ነው፡፡ ግምቱን የሠራው ባለሙያ ያውቀዋል፣ የጻፈችው ጸሐፊ ታውቀዋለች፣ ኮሚቴው ያውቀዋል፡፡ ታዲያ የተደበቀው ቁጥር ራሱ የሚሸጥ ዕቃ አይሆንም? ባጃጇን ልንገዛ ሄደን ቁጥሩን መግዛት ነበረብን ማለት ነው!

ደግሞ መደበቁ ሻጩንም አይጠቅምም፡፡ ራማ ካትካርና ዴቪድ ራይሊ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ፡፡ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ 50 ጥንድ የፖኪሞን ካርድ (አዎ፣ የልጆች መጫወቻው!) ሸጡ፡፡ ከየጥንዱ አንዱን መነሻ ዋጋው በግልጽ ተጽፎ፣ ሌላውን ተደብቆ፡፡ የተደበቀባቸው ካርዶች የመሸጥ ዕድላቸው ዝቅ አለ፣ ዋጋቸውም ቀነሰ፡፡ ሰው የማያውቀውን አጥር ለመዝለል አይሮጥም፡፡

የእኛ ፖስታ ሌላም ችግር አለበት፡፡ የጻፍከውን ነው የምትከፍለው፡፡ ስለዚህ ልብህ 200 ሺህ እያለ እጅህ 186 ይጽፋል፤ ጎረቤትህ ስንት ይጽፍ ይሆን እያልክ ሌሊቱን ስትገምት ታድራለህ፡፡ ዊልያም ቪክሪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 መላ አቅርቦ ነበር፤ ከፍተኛውን የጻፈ ያሸንፍ፣ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው የጻፈውን ይሁን፡፡ ያን ጊዜ ልብህ ያለውን ብትጽፍ አትጎዳም፡፡ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1996 ኖቤል ተሸለመበት፡፡ ኢቤይም ከዚሁ የሚቀራረብ ነገር ነው የሚሠራው፤ የመጨረሻ ዋጋህን አንዴ ትነግረዋለህ፣ እሱ ተፎካካሪህን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ እየጨመረ ይጫረትልሃል፡፡

«እንግዲያው ሁሉም ኦንላይን ይሁን!» አትበሉ ቶሎ፡፡ ፖስታውን ኮምፒውተር ውስጥ ብንከተው ሚስጥሩ ያው ሚስጥር ነው፡፡ መዝጊያ ሰዓቱም ጣጣ አለው፡፡ አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ ኢቤይ ላይ ሰዓቱ ቁርጥ ስለነበር ብዙ ሰው አድፍጦ በመጨረሻዋ ደቂቃ ነበር ዋጋ የሚወረውረው፡፡ ያኔ አማዞን ያካሂደው በነበረው ጨረታ ግን አንድ ሰው በመጨረሻ ዋጋ ከጨመረ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ይራዘም ስለነበር ማድፈጡ ብዙ አልታየም፡፡ ሴቻ ቁጭ ብላችሁ መብራት ሄዶ፣ ኔትወርክ «በመፈለግ ላይ» ሲላችሁ በመጨረሻዋ ሰከንድ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያቅታችሁም፡፡ ኔትወርክ ያለው ነው የሚያሸንፈው! ስለዚህ ኦንላይን ጨረታ ለማሠራት ያሰባችሁ ሹሞቻችን፣ ሁለት ነገር ብቻ፡- መነሻው ይታይ፣ ሰዓቱ ይራዘም፡፡

አሁን ወደ ላንቴ እንውረድ፤ ያናደደን ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው፡፡ ለአንዲት ባጃጅ መነሻ ዋጋ አውጥቶ በካዝና የሚቆልፍ አገር፣ ለሙዝ ገበሬው ምን አወጣለት? ላንቴ፣ ጫኖ ሚሌ፣ ሸሌ... የአዲስ አበባን ቁርስ የሚያበላው ሙዝ ከእነዚህ ነው የሚጫነው፡፡ ዋጋውን የሚናገረው ግን ደላላው ነው፡፡ ገበሬው ቆርጦ መንገድ ዳር ከደረደረ በኋላ መኪናው ይመጣና «ዛሬ አዲስ አበባ ወርዷል» ይባላል፡፡ ማን ያጣራል? የተቆረጠ ሙዝ ወደ ግንዱ አይመለስም፡፡ «አልሸጥም» ማለት የማይችል ሻጭ መነሻ ዋጋ አለው አይባልም፤ ገዢውም አንድ ከሆነ ያ ጨረታ አይደለም፡፡

ገጀራው ከመውጣቱ በፊት ግን ገበሬው ጥቂት ቀን አለው፡፡ ዘለላው ግንዱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፡፡ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በዋዜማው ምሽት «ነገ ይህን ያህል ኩንታል አለን፣ መነሻችን በኪሎ ይህ ነው» ብለው ለአንድ ሳይሆን ለሁሉም ነጋዴ በስልክ ቢያስታውቁና መነሻውን ያላለፈ ካልመጣ ባይቆርጡ ምን ይጎድላል? ለዚህ የሚበቃ ስልክ በየቤቱ አለ፡፡ ማኅበራቱ ይሞክሩትና ካልሠራ እኛው እዚሁ መጥተን ተሳስተናል እንላለን፡፡

ባጃጇን ለምትጠይቁን... አዲስ ቀለም ተቀብታ ሲቀላ ትሠራለች፡፡ መንጃ ፈቃድ ያለው ጓደኛችን የሚነዳው የሌላ ሰው ባጃጅ ነው፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስረክባል፡፡ ባለፈው ዝናብ ሲይዘን ያቺኑ የኛን ባጃጅ አስቁመን ተሳፈርን፡፡ ሒሳብ ስንጠይቅ ሾፌሩ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «የመሰላችሁን ስጡኝ»፡፡