ቤተሰብ ጭነው ሲወጡ ጎማዎ ስንት ነፋስ ይፈልጋል?

ለዕረፍት ወደ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሊወጡ ነው እንበል። ዘይትና ውሃው ታይቷል፣ የልጆቹ መክሰስ ተቋጥሯል። ጎማውስ? ብዙ ሰው ጎሚስታ ጋ ቆም ብሎ «ነፋስ እይልኝ» ይላል። «ስንት ላድርገው?» ሲባል ደግሞ «እንደሚሆነው»። ጎሚስታው ግን ነገ ስንት ሰው እንደሚሳፈር በምን ያውቃል?

መልሱ መኪናዎ ላይ ተለጥፏል። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶውን ይመልከቱ፤ እዚያ ካጡት የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ይፈልጉ። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለጥቂት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ የመጀመሪያው ይበቃል። አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ሻንጣው ከኋላ ታጭቆ፣ ፖርቶ መጋላው ላይም ዕቃ ሲታሰር ግን የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ነው። ጭማሪው በተለይ የኋላ ጎማዎች ላይ ጎላ ይላል።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለዚህ አይጠቀሙበት። እሱ ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ነው የሚናገረው። በመለኪያው ስምም አይደናገሩ፤ 230 ኪሎፓስካል፣ 2.3 ባር እና 33 ፒኤስአይ አንድ ናቸው።

ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉም ሙቀት ይፈጥራል። ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ይጎዳዋል። ከተማ ውስጥ በ40 ሲነዱ ችሎ የቆየው ጎማ በአዳማው የፍጥነት መንገድ በ120 ሊፈነዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ልጆችዎ ናቸው። ከልክ በላይ መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ስፋት ይቀንሳል።

የሚለካው በጠዋት፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ነው። ለጥፉ ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተሰጠ ነው። ሲነዱ ጎማው ስለሚሞቅ ልኬቱ ከፍ ይላል፤ ሞጆ ላይ ቆመው ቢለኩና «በዝቷል» ቢባሉ እንዳያስተነፍሱት። ሲቀዘቅዝ ይጎድልብዎታል።

የእኛ አገር መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከአዲስ አበባ አዋሽ 7 ሲደርሱ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደዋል። የውጪው አየር ስለሚከብድ ያው ጎማ በመለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ይታያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ እዚያ ካደሩ በማግስቱ ማለዳ፣ ሳይነዱ፣ እንደገና ይለኩ።

በሙያዬ ነገር ማሻሻጥ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ናይትሮጂን እንዲሞሉ ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቁ፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ያንን ገንዘብ ለራስዎ መለኪያ ይግዙበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ባትሪው ከባድ ስለሆነ የጎረቤትዎን የቤንዚን መኪና ቁጥር አይዋሱ። ለጥፉ በቻይንኛ ቢጻፍም ቁጥሩ ይነበባል። ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ትርፍ ጎማ እንዳለው ይዩ፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ካለውም እሱንም ይለኩት፤ ለወራት ማንም ያልነካው ጎማ እሱ ነው።